የመሪጌታ ወልደኢየሱስ እጅ

የቁስቋሙ መሪጌታ ወልደኢየሱስ በምግብ ቀልድ አያውቁም ነበር። ማኅበርም ሆነ ተዝካር፣ ከጎናቸው የተቀመጠ ሰው ጦሙን ይነሣ ነበር። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ የመጣ ሐኪም የቆሰለ ጨጓራቸውን ግማሹን ቆርጦ ካወጣው በኋላ ግን ከጥቂት ጉርሻ በላይ አይችሉም።

ዛሬ ማኅበር ላይ ዶሮ ወጥ ቀረበ። መሪጌታ የተፈቀደችላቸውን ቀምሰው ምራቃቸውን ዋጡ። ሐኪሙ የነካው ጨጓራቸውን እንጂ እጃቸውን አልነበረምና፣ እጃቸው አላርፍ ብሎ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለ። አፋቸው አጠገብ ሲደርስ የሐኪሙ ቁጣ ትዝ አላቸው፤ ዘወር አሉና ከጎናቸው የተቀመጠውን አያ ነጋን አጎረሱት። እጃቸው ሌላ ጠቀለለ፤ አሁንም አያ ነጋን። ደግሞ ሌላ።

ዘመኑን ሁሉ ከጎናቸው ተቀምጦ ጠግቦ የማያውቀው አያ ነጋ አፉን ጠራረገና፣ «ምነው መሪጌታ፣» አለ፣ «ያ ሐኪም ቀደም ብሎ ባገኘዎ!»