ያልመጣውን መልእክት የጠየቁት ወይዘሮ

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ በመካኒሳው ቆዳ ፋብሪካ መዝገብ ቤት ሃያ ሦስት ዓመት ሲሠሩ አንድም ደብዳቤ ጠፍቶባቸው አያውቅም። ይህ ለማሞገስ ያህል የተባለ አይደለም፤ የተጠራጠረ ሁሉ ማህደሩን ገልጦ ማየት ይችል ነበር። ከመርሐቤቴ በወጣትነታቸው መጥተው፣ ታይፕ በማታ ትምህርት ተምረው፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ከፋብሪካው የፖስታ ሳጥን ደብዳቤ አውጥተው ሳያስተናግዱ የዋሉበት የሥራ ቀን አልነበረም።

በ1991 ዓ.ም. መጀመሪያ ፋብሪካው ኢሜይል አስገባ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ደገፋም «ከእንግዲህ መዝገብ ቤት ምን ያደርጋል?» ብለው፣ ወይዘሮዋ ከኅዳር አንድ ጀምሮ ወደ ጨውና ኬሚካል መጋዘን እንዲዛወሩ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤውን መዝግበው፣ ቁጥር ሰጥተው ያስቀመጡት ራሳቸው ናቸው።

ኢሜይሉን የያዘው ሚሳኤል የሚባል ወጣት የሽያጭ ሠራተኛ ነበር። ትጉህ ነው፤ ግን መልእክት እንዳያመልጠው ሲል ቀኑን ሙሉ የኢሜይሉን መስመር ከፍቶ ይውላል። የቢሮው ስልክም የሚሠራው በዚያው በአንዱ መስመር ነው። ደንበኞች ቢደውሉ ሁልጊዜ ተይዟል። አቤቱታው ሲበዛ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ፣ እስከ ዝውውሩ ቀን ድረስ ኢሜይሉን እሳቸው እንዲያስተናግዱት ጠየቁ። አቶ ደገፋ በግማሽ ልብ ፈቀዱ።

«ሚሳኤል፣ ፖስታ ሳጥን ፊት ተገትሮ የሚውል ሰው አይተሃል?»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ፖስታ አይደለም፤ በየደቂቃው ነው የሚመጣው!»

«ይምጣ። ሳጥኑ ውስጥ አይበሰብስም።»

ኮምፒውተሩ ውስጥ መልስ ያላገኙ ሁለት መቶ አሥራ አራት መልእክቶች ተገኙ። ሚሳኤል ፊቱ ቀላ። «ሁሉንም አንብቤያቸዋለሁ እኮ!»

«ማንበብህን ለጻፉልህ ሰዎች ነግረሃቸዋል?»

ወይዘሮዋ አዲስ ዘዴ አልፈጠሩም፤ የኖሩበትን ልማድ ወደ ማሽኑ አሻገሩት እንጂ። መስመሩ የሚከፈተው ሦስት ሰዓትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቻ ሆነ። መልሶቹ መስመሩ ተዘግቶ ሳለ ተጽፈው ይቆያሉ፤ ሲከፈት ባንድ ላይ ይሄዳሉ። የተነበበ መልእክት ወይ ይመለስለታል፣ ወይ ለሚመለከተው ክፍል ይመራል፤ «ቆይቼ አየዋለሁ» የሚባል ቦታ አልተሰጠውም። ወደፊት የሚጠበቅ ጉዳይ ካለው ደግሞ ታትሞ፣ የወሩን ቀናት ቁጥር ከያዙት ማህደሮች መካከል ጉዳዩ በሚጠበቅበት ቀን ማህደር ውስጥ ይገባል። በየጠዋቱ የዕለቱን ማህደር መክፈት የመጀመሪያ ሥራቸው ነው።

ጥቅምት አሥራ ስምንት ቀን ማህደሩን ሲከፍቱ የጣሊያኑ የጓንት ሠሪ ድርጅት መልእክት ወጣ። የአዲሱን ትእዛዝ የቆዳ ውፍረት ያ ቀን ሳይደርስ እንደሚያሳውቅ ይናገራል። ማስታወቂያው ግን አልመጣም። ቆዳውን የሚያሳሳው ማሽን በአሮጌው ልክ ስምንት ሰዓት ላይ ሊነሳ ተዘጋጅቷል።

ሚሳኤል ሳቀ። «እትዬ፣ ያልመጣ ኢሜይል ደግሞ እንዴት ይነበባል? ዝም ካሉ እንደ ድሮው ይሁን ማለታቸው ነው።»

«እንጽፋለን ያለ ሰው ካልጻፈ ይጠየቃል።»

ሦስት መስመር ጽፈው በሦስት ሰዓቱ ላኩ። ከዚያም ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወጡ።

«ወይዘሮ ፀሐይወርቅ፣ አልመጣም የሚሉትን ወረቀት ይዘው ማሽን አቁም ይሉኛል?»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት፤ አንድ ሰዓት ብቻ። የሳሳ ቆዳ ተመልሶ አይወፍርም።»

«ታዲያ እስከዚያ መስመሩን ከፍታችሁ ጠብቁዋ!»

«ስልኩ ከተያዘ በምን ይደውሉልናል? መልስ ካልመጣ ኅዳርን አልጠብቅም፤ መጋዘኑን ነገ እረከባለሁ።»

አቶ ደገፋ የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። «አንድ ሰዓት» አሉ።

ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ማሽኑ አልተነሳም። ሠራተኞቹ በር ላይ ቆመው ያጉረመርማሉ። ስልኩ አልጮኸም። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ የሌላ ደንበኛ መልስ እየጻፉ ነበር፤ እጃቸው ግን ሁለት ጊዜ ፊደል ሳተ፤ ይህም በእሳቸው አልተለመደም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መስመሩን ከፈቱ። ኮምፒውተሩ ካፏጨ በኋላ አንድ መልእክት ወረደ፤ ሚሳኤል ጮክ ብሎ አነበበው። ድርጅቱ ማስታወቂያውን ከሳምንት በፊት በተሳሳተ አድራሻ ልኮት ኖሯል። የሚፈለገው ቆዳ ከአሮጌው ልክ የወፈረ ነው።

አቶ ደገፋ ወደ መዝገብ ቤት ወረዱ። «የዝውውሩ ነገር… በቃ፣ ይረሳ።»

«ደብዳቤ አይረሳም አቶ ደገፋ፤ ቁጥር አለው። የሚሻረው በደብዳቤ ነው።»

ከሥራ መውጫ በፊት የመሻሪያው ደብዳቤ ተፈርሞ ደረሳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ቀን የለውም» ብለው መለሱት።

ሁለተኛው ታርሞ ሲመጣ ለመረከባቸው ፈረሙ፤ ከዝውውሩ ደብዳቤ ጋር አያይዘው ማህደሩን ዘጉ።