የድሬሰሩ ማቀዝቀዣና የእኔ ሸክላ

ሶዶ ከተማ ሳይንስ በማስተምርበት ዘመን ከጎረቤቴ፣ በክሊኒኩ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ከሆነው ድሬሰር ጋር ያነታረከን አንድ ማቀዝቀዣ ነበር። ክሊኒኩ ክትባት የሚያስቀምጥበት፣ በላምባ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ነው። ላምባው ይነዳል፣ ክሩ ይጨሳል፣ ውስጡ ግን አይቀዘቅዝም። ድሬሰሩ ለቤሌ ከተማ ያዘጋጀውን ክትባት ሁለት ጊዜ ተበላሽቶበት ከደፋ በኋላ ፊቱ አይፈታም ነበር።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አፌ አላርፍ አለ። መጽሔት ላይ ያነበብኩትን ነገርኩት፦ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት የሚሞቅ፣ ሙቀቱን ካስወጣ በኋላ ኤሌክትሪኩ ሲነሳለት ደግሞ ከበፊቱ ይበልጥ የሚቀዘቅዝ የሸክላ ዓይነት አለ።

«እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት አለበት?» አለኝ። «መድኃኒት አጠገብ እርሳስ አላስቀምጥም።»

«የለበትም። ከባሪየምና ከቲታኒየም ነው የሚሠራው። የተበላሸ ሬዲዮ ውስጥ እንኳ ይገኛል።»

«እንግዲያው ምን ይጠብቃሉ፣ መምህር?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መውጫ መግቢያ አሳጣኝ። ገበያ ላይ ሲያገኘኝ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ሰላምታው ራሱ «ሸክላው ከምን ደረሰ?» ሆነ። ሲሰለቸኝ ከአሮጌ ሬዲዮ ከዚሁ ሸክላ የተሠራ የአዝራር ያህል ኮንደንሰር ነቅዬ በባትሪ ልሞክረው ተነሳሁ። ቴርሞሜትር አመጣለሁ አለ፤ ያመጣው የትኩሳት መለኪያ ነው።

«ይኼ እኮ ካላራገፉት አይወርድም» አልኩት።

«ሸክላው ሲቀዘቅዝ አራግፈዋለሁ» አለ በቁም ነገር።

የትምህርት ቤቱን ቴርሞሜትር ተውሼ ከሰዓቱን ሙሉ ሽቦ ስገጥምና ስነቅል ዋልኩ። መለኪያው ንቅንቅ አላለም። መጽሔቱን ደግሜ ሳነበው ለውጡ ከአንድ ዲግሪም በጣም ያነሰ ነው ይላል፤ በእኔ ባትሪማ ከዚያም ያንሳል። የእኛ መለኪያ የሚቆጥረው ሙሉ ዲግሪ ብቻ ነው።

ይህን ሳስረዳው ድሬሰሩ ሰማኝና «ታዲያ ለምን ነገሩኝ?» አለ። ሽቦዬን ጠቀለልኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ወለሉን ለማጠብ ማቀዝቀዣውን ሲያነሳ በአንድ ጎኑ ማዘንበሉን አየ። በማቀዝቀዣው እግር ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ሸጎጠበት። በማግስቱ ውስጡ በረዶ ያዘ። እኔ የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ለእኔ ሳይነግረኝ በመቅረቱ ተናድጄ ሄድኩ፤ ስደርስ በራሴ የባሰ ተናደድኩ። በሩ ላይ የተለጠፈው የእንግሊዝኛ መመሪያ «ሳያዘነብል ይቀመጥ» ይላል። ስንት ቀን እዚያው በር ላይ ተደግፌ ስለ ሸክላ ሳወራ አንድም ቀን አላነበብኩትም። እሱ እንግሊዝኛ አያነብም፤ እኔ ግን አስተማሪ ነኝ።

በሳምንቱ የክትባቱን ሳጥን ተሸክሜ ወደ ቤሌ እስከሚሄደው አውቶቡስ ድረስ ሸኘሁት።