ከማንጎው አምስት እርምጃ

ሽንት ቤቱ ከዋናው ቤት ውስጥ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ባለቤቴ ግቢው ጥግ ላይ ራቅ ተደርጎ ይቆፈር ብላ ለምናኝ ነበር፤ እኔ ግን «ዘመናዊ ቤት እንሥራ» ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ከሁሉም በላይ ነገሩ ያልተዋጠላቸው አማቴ ናቸው። ባምባሲ ላይ በዚህ ዕድሜያቸው እርሻቸውን ራሳቸው የሚቆጣጠሩ፣ ንግግራቸው ቁጥብ፣ ዐይናቸው ግን ምንም የማያልፈው ሴት ናቸው። ቤቱ ሲመረቅ መጥተው የሽንት ቤቱን በር ከፈት አደረጉና አዩ። ከዚያ የምግብ ጠረጴዛውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«እዚህ እየበላችሁ፣ እዚያ?» አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እኛ ወዳለንበት አሶሳ ሲመጡ ጠዋት ገብተው ከሰዓት ይመለሳሉ። እኛ ቤት ሲውሉ ውሃ እንኳ አይጠጡም። ለምን እንደማይጠጡ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም ግን አያነሳውም።

ዘንድሮ መጋቢት ላይ ጉልበታቸውን ታመሙና ሐኪሙ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ እየመጡ እንዲታከሙ አዘዘ። ከባምባሲ እየተመላለሱ አይቻልም፤ እኛ ጋ ማደራቸው ግድ ሆነ። ባለቤቴ አንሶላ አጥባ፣ መጋረጃ ቀይራ ስታበቃ ወደ እኔ ዞረች።

«እናቴ እኔ ቤት ስታድር የመጀመሪያዋ ነው። አደራህን፣ ሽንት ቤትህ እንዳያዋርደኝ» አለችኝ።

ሽንት ቤቴ ይህን የሰማ ይመስል በማግስቱ ይንደቀደቅ ጀመር። አንድ ጣሳ ውሃ ሲደፋበት ግማሹን ይመልሳል። በእርግጥ በደል በዝቶበታል። ቧንቧ በሳምንት አንዴ በምትመጣበት፣ ቆርቆሮው ከረፋድ ጀምሮ በሚንጣጣበት በዚያ ሐሩር፣ የምንደፋበት ልብስ የታጠበበት፣ በረኪና ያለበት ውሃ ነበር። ያም በቁጠባ። ግቢው ውስጥ የተቀበረው የፍሳሽ ታንከር ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ጭቃ መሆኑ ቀርቶ ሸክላ ሆኖ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ።

ፍሳሽ መጣጭ መኪና ያለው ሰውዬ ዘንድ ደወልኩ። «የታንከሩን ክዳን ከፍተህ ጠብቀኝ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ» አለኝ።

ክዳኑን።

ይኸውላችሁ፣ ቤቱ በተመረቀ ዕለት ጠዋት፣ አማቴ ያንን የሲሚንቶ ክዳን አይተው ሌላ ነገር እንዳይናገሩ ብዬ ቀይ አፈር አልብሼው ነበር። ደልድዬ፣ ረግጬ፣ በላዩ ላይ ዳስ አስጥያለሁ። ቦታውን እንዳልረሳ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ከማንጎው አምስት እርምጃ» ብዬ ጽፌያለሁ። ወደ የት በኩል እንደሆነ ግን አልጻፍኩም። ያን ቀን የሚረሳ ነገር አልመሰለኝም።

ሐሙስ ቁፋሮ ጀመርን። ጎረቤታችን ሼኪ፣ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ የሆኑ ደግ ሽማግሌ፣ ዶማቸውን ይዘው መጡልኝ። መሬቱ ዶማ እየመለሰ እጅ ያነዝራል። ወደ ምሥራቅ አምስት እርምጃ ቆፈርን፤ የለም። ወደ ምዕራብ፤ የለም። በሰሜን አንድ የጠፋ ማንኪያ አገኘን።

ሼኪ ላባቸውን እየጠረጉ አጥሩ ሥር ያለውን የባሚያ አትክልቴን ተመለከቱ። የሰፈሩ ቅጠል ሁሉ ሲረግፍ እሱ ብቻ ለምልሞ ቆሟል።

«ወላሂ፣ መሬት ሁሉ ድንጋይ ሆነች። ባሚያ ብቻ ደስ ብሎታል። ውሃ ማን ይሰጣል እሱን?» አሉኝ።

«ማንም። የእጅ ነገር ነው ሼኪ» አልኩ ደረቴን ነፋ አድርጌ። «አባቴ እኮ ከወሎ በሰፈራ መጥቶ ይሄን አገር ያረሰ ገበሬ ነው።»

ይህን ንግግር ለሰፈሩ ሁሉ አድርጌያለሁ። ከታኅሣሥ ጀምሮ ለጎረቤት በሰሃን እያደልኩ ከባሚያው ጋር ንግግሩንም አድል ነበር። የደረቀውን ደግሞ ለአማቴ በፌስታል ሞልቼ ልኬ፣ እሳቸው ለልጃቸው ደውለው «ባልሽ ለካ እጁ ላይ በረከት አለ» ብለዋል። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር ከእሳቸው ያገኘሁት ምስጋና ይህ ብቻ ነው። ባለቤቴን፣ እናቷ ያሉትን ቃል በቃል ሦስት ጊዜ አስደግሜያታለሁ።

እስከ ዓርብ ማታ አምስት ጉድጓድ ቆፍረን ነበር። ባለቤቴ «እስቲ ባሚያው ጋ ሞክሩ» ብትል ተቆጣሁ። «ከማንጎው እዚያ ድረስ ሰባት እርምጃ ነው! ባሚያዬን የሚነካ ሰው አልፈልግም!» አልኩ። ደብተሬ ላይ በጻፍኩ ጊዜ ሰውነቴ ቀጭን፣ እርምጃዬም ረጅም እንደነበረ አላሰብኩም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አማቴ ከባጃጅ ወረዱ። ከዘራቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆመው ግቢውን ቃኙ።

«ያ ረቢ! ማን ሞቶባችሁ ነው?» አሉ።

ባለቤቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ እየተንተባተብኩ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ክዳኑን መደበቄን፣ መኪናው ከሰዓት እንደሚመጣ፣ ካላገኘነው ሽንት ቤቱ እንደማይሠራ። አማቴ ጉድጓዶቹን በጥንቃቄ እያለፉ ቀጥ ብለው ባሚያው ጋ ሄዱ፣ ከዘራቸውን አንስተው መሬቱን መታ አደረጉት። ሲሚንቶ ጮኸ። ትንሽ ወደ ጎን ወሰድ አድርገው ሲወጉት ደግሞ ከዘራው እስከ ግማሹ ሰመጠ። ሲያወጡት የመጣውን ሽታ አልገልጸውም።

«ይኼው። ጎኑ ተሰንጥቋል፣ ያፈሳል» አሉ።

«እንዴት አወቁ እማማ?»

«መጋቢት ነው እኮ! የምታጠጡት ውሃ የላችሁም። ታዲያ ምን ጠጥቶ ነው አረንጓዴ የሆነው?»

ሼኪ ዶማቸውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ።

«እኔ ትናንት ሁለት ሰሃን በላሁ» አሉ።

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። የሚጠይቁኝን ገና ሳይናገሩ አውቄዋለሁ።

«ያ የላካችሁልኝ ባሚያ… ከዚሁ ነበር?»

ከገበያ ገዛሁት ማለት እችል ነበር። ያቺ አንዲት ምስጋና ግን በውሸት እንድትቆይ አልወደድኩም።

«ከዚሁ ነው እማማ» አልኩ።

ማንጎው ጥላ ሥር ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀመጡ። ከሰዓት መኪናው መጣ፣ ቱቦውን ከተተ፣ እያጓራ መጥጦ ሄደ። እሳቸው ከጥላው አልተነሱም። ባለቤቴ ሻንጣቸውን ታያለች፣ እኔ ባጃጅ የሚጠሩበትን ሰዓት እጠብቃለሁ። በመጨረሻ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና፣ በምግብ ጠረጴዛው አጠገብ አልፈው፣ የሽንት ቤቱን በር ያዙ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ ከረፋድ ጀምሮ ሳቃቸውን አፍነው ኖሯል።

«ሦስት ወር ሙሉ ባምባሲ ተቀምጬ ሽንት ቤታችሁን ስበላ ከርሜ» አሉ፣ «አሁን መግባቱ ምን ያሳፍረኛል? ዞር በሉልኝ!»