እናቲቱ የሌለችበት ፊልም

ወንድሜ መጽሐፍ ሲያነብልን እናታችን የምትሰማ አትመስልም ነበር። ቀኑን ሙሉ ቡና መጋዘን ውስጥ ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው ስትለይ ውላ ስለምትመጣ፣ እግሯን ዘርግታ ግድግዳ ተደግፋ ዓይኗን ትከድናለች። ተኝታለች ብለን ገጽ ስንዘል ግን፣ ያ ግዙፉስ የት ገባ ብላ ታፋጥጠናለች። ፊደል አትቆጥርም፤ ከተረቱ አንዲት ፍሬ ብትጎድል ግን ታውቃለች።

መጽሐፉ በአማርኛ ተተርጉሞ ከውጭ የመጣ፣ ጅማ ውስጥ በርካሽ የተገዛ የተረት መጽሐፍ ነበር። ግዙፎች የአንድ አገር ዝናብ ሰርቀው ተራራ ሆድ ውስጥ ይደብቃሉ። የአንድ ቀጥቃጭ ልጅ ዝናቡን ሊያስመልስ ብቻውን ይገባል። ከዚያ ተራራ የሚወጣ ሰው ከእግሩ ጀምሮ ድንጋይ ይሆናል። ልጁ ዝናቡን ለቆ ደጃቸው ሲደርስ እስከ ደረቱ ድንጋይ ሆኗል፤ እናቱ ግን በዚያው በዝናቡ ውሃ ታጥበዋለች፣ ድንጋዩም ይለቀዋል። ወንድሜ እንዲህ ብሎ ነው ያነበበልን።

የሰፈራችን የጊንጆ ልጆች ይህንኑ እንጫወተው ነበር። ግዙፍ መሆን የማይፈልግ የለም። እናቲቱ ግን ሁልጊዜ እኔ ነኝ፤ በጣሳ ውሃ ይዤ ደጃፍ ላይ እጠብቃለሁ። እኔ ሳላጥበው ቤት የሚገባ ልጅ አልነበረም፤ በዚህ ሥልጣን ልቤ አብጦ ነበር።

ከዚያ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሄደ። መጽሐፉን እናቴ ራሷ ልብሱ መሃል ከተተችለት፤ ሲከፋው እንዲያነበው። ብዙ ጊዜ ወሬው ጠፋ። እናቴ ተረቱን እኔ እንድነግራት ትጠይቀኝ ጀመር። ሌላውን ባሳጥርባት ግድ የላትም፤ መታጠቡ ላይ ስቸኩል ግን ታስደግመኛለች።

እንዲህ እያለን ያ ተረት ፊልም ሆኖ ከተማችን ሲኒማ ቤት መጣ ተባለ። ሲኒማ ቤት ገብታ የማታውቀው እናቴ እሁድ ከቀትር በኋላ ሻሿን አስተካክላ አጠገቤ ተቀመጠች። ግራ መጋባቴ የጀመረው ገና ሳይጋመስ ነው። ፊልሙ የሚናገረው በማናውቀው ቋንቋ ነው። በልቤ ወንድሜን አስመስዬ የሳልኩት የቀጥቃጭ ልጅ ጢማም ጎልማሳ ሆኗል። ብቻውን መግባት ሲገባው ፈረሰኛ ሠራዊት ይከተለዋል። ከየት እንደመጣች የማትታወቅ ቆንጆም አንገቱ ላይ ትጠመጠማለች። ግዙፎቹ ደግሞ ከጠበቅኋቸው አነሱብኝ፤ ተናደድኩ። እናቴ ሌላውን ሁሉ ትታ አንድ ነገር ብቻ በጆሮዬ ጠየቀችኝ።

«እናቱን የት አደረሷት?»

ትመጣለች አልኳት። አልመጣችም። ሰውየው ተራራው አፍ ላይ ቆሞ መጀመሪያ እስከ አንገቱ፣ ቀጥሎ እስከ ግንባሩ ድንጋይ ሲሆን ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ምን ተገኝቶ እንደሚጨበጨብ አልገባኝም። እናቴ ክንዴን ይዛ ተነሳች፤ መጨረሻውን ሳናይ ወጣን።

በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ ፈረሰኛ ሆነ። ፊልሙ ላይ እናት የለችም ብለው ሥራዬን ቀሙኝ። እስከ መጨረሻው ያዩትን ብጠይቅ፣ አንዱ ድንጋይ ሆኖ ቀረ አለኝ፤ ሌላው የለም፣ መጨረሻ ላይ ዓይኑን ገልጧል አለና ተያያዙ። ማንን ልመን? መጽሐፉ ወንድሜ ዘንድ ነው፤ ወንድሜ የት እንዳለ አይታወቅም። ከዚያ የባሰ ሐሳብ መጣብኝ፦ መጽሐፉም እንደ ፊልሙ ቢሆንስ? እናቲቱን የጨመረልን ወንድሜ ራሱ ቢሆንስ? ይህን ለእናቴ መናገር ፈራሁ።

ወንድሜ ክረምት ላይ ተመለሰ። ቀኝ እግሩ አይታጠፍለትም፤ ንግግሩም ጥቂት ሆኗል። እናቴ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አለችና ውሃ ልታሞቅ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ትዕግሥት ከየት ይምጣልኝ፤ ፊልሙን ማየታችንን ነግሬው ስለ መጽሐፉ ጠየቅኩት። ወረቀቱን ምሽግ ውስጥ እየቀደዱ ትምባሆ እንደጠቀለሉበት፣ እሱም አብሮ እንዳጨሰው ነገረኝ።

እሺ፣ እናቲቱ መጽሐፉ ላይ ነበረች ወይ አልኩት። የማይታጠፈውን እግሩን ተመለከተ።

«አላስታውስም» አለኝ። «ፊልሙ ላይስ ልጁ ምን ሆነ?»

እናቴ የሞቀውን ውሃ በሳፋ ይዛ መጣች።

«እናቱ አጠበችው» አለች፤ ጣሳውን ለእኔ ሰጠችኝና የጫማውን ክር መፍታት ጀመረች።