ብሎን የሌለው ማጠፊያ

የባሌ ታላቅ ወንድም ኢሶጂ የሥራ ቤቱን መስኮት በጋዜጣ የለጠፈ ቀን፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቤቱ ውስጥ ሰው የሞተ መስሎት ነበር። በመንደራችን በሳባዬ መስኮት አይሸፈንም። እኛ ዘንድ መነጽር አንድ ቤት ተጀምሮ እዚያው አያልቅም። አንዱ የፊቱን ክብ ያጎብጣል፣ አንዱ ማጠፊያውን ይቆርጣል፣ አንዱ ጆሮ ላይ የሚያርፈውን ዘንግ ይሞርዳል፣ እኔ እበይዳለሁ፣ ከእኔ ቀጥላ ያለችው ትወለውላለች። ዕቃው በሣጥን ሆኖ የበረዶውን ወራት ከደጅ ደጅ ሲዞር ይከርማል። ማን ምን እንደሚሠራ ሁላችንም እናውቃለን። መስኮቱን የሸፈነ ሰው ወይ አዝኗል፣ ወይ ጠርጥሯል። ኢሶጂ ጠርጥሮ ነበር። ያስጠረጠርሁትም እኔ ነኝ፤ ይህን ከመጀመሪያው ልናገርና ይውጣልኝ።

ኢሶጂ ማጠፊያ ሠሪ ነበር፤ አባቱም እንደዚያው። ማጠፊያ ማለት ዘንጉን ከመነጽሩ ፊት ጋር የሚያያይዘው፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙ የማይበልጠው ብረት ነው። በመሐሉ አንዲት ብሎን ታልፋለች። ያቺ ብሎን ይህን ቤት አዋርዳዋለች። በኢሶጂ እህት ሠርግ ላይ አባትየው ቆመው ምርቃት ሲያነቡ፣ ብሎኗ ወልቃ የመነጽራቸው ዘንግ ሾርባ ውስጥ ጧ ብሎ ገባ። ከሙሽራው ወገን አንዱ ቀልደኛ፣ "የማጠፊያ ሠሪው ማጠፊያ ወለቀ!" ብሎ ጮኸ፤ እንግዳው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ መነጽራቸውን በጥቁር ክር አስረው ኖሩ። ሌላ ብሎን መክተት አቅቷቸው አይደለም፤ እልህ ነው። ኢሶጂ ያን ጊዜ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኖ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። ስለዚያ ቀን ሲያወራ የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ጠጥቶ።

ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ብሎን የሌለው ማጠፊያ ለመሥራት ተነሣ። መጀመሪያ ሽቦውን እንደ ሞላ ጠምዝዞ ሞከረ፤ ዘንጉ እንደ ፌንጣ እየዘለለ ጉንጭ ይመታል። ቀጥሎ ስስ ቆርቆሮ አጥፎ እንደ ወረንጦ አደረገው፤ ጥቂት ወራት ሲታጠፍ ሲዘረጋ ቆይቶ ተቀነጠሰ። ቲታንየም የሚሉት ብረት ወደ እኛ ሲመጣ ግን ፊቱ በራ። ይህ ብረት ቢያጎብጡት ተመልሶ ይቃናል። እሱም የመነጽሩን ጠርዝ እንደ ቀለበት ጠቅልሎ ሰነጠቀውና፣ የዘንጉን ጫፍ ደግሞ ሦስት ጥርስ አወጣለት። ጥርሶቹ በሰያፍ ገብተው ሲዞሩ ይቆለፋሉ። ቀለበቱ ተሳካ። ጥርሶቹ ግን አልያዝ አሉት፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ይላላሉ። ይሥላል፣ ይቆርጣል፣ ይሞክራል፣ ያልሆነውን ሥዕል ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሥር ይጥላል። የሦስት ዓመት የበረዶ ወራት በዚህ አለፉ።

ከኛ ሁለት ደጅ አልፎ ቶራዞ ይኖር ነበር። ዘንግ ሠሪ ነው፤ ሚስቱ ሞታበታለች፣ ልጅ የለውም። ከኢሶጂ ጋር አብረው ያደጉ ቢሆኑም ሁለቱ ሲገናኙ "በረዶው በዛ" እና "አዎ፣ በዛ" ከተባባሉ ያ ቀን ብዙ ተወራ ማለት ነው። ቶራዞ በጨውና በሩዝ ፉርሽካ ተቀብሮ የከረመ ዓሣ፣ እኛ ሄሺኮ የምንለውን፣ ማዘጋጀት ይችልበታል። በየዐሥር ቀኑ አንዲት ቀይ ሣጥን ሞልቶ ለኢሶጂ ቤት ይልካል። የኢሶጂ ሚስት እትዬ ሺጌኖ ሣጥኗን አጥባ ትመልሳለች። ባዶዋን ግን አትመልስም፤ እንደ አገሩ ደንብ መንደሪን ወይም ክብሪት ትጨምርባታለች፣ እሱም ከጠፋ ንጹሕ ወረቀት አጥፋ ታኖርባታለች።

አንድ ቀን ጠዋት የምበይዳቸውን ዘንጎች ላመጣ ቶራዞ ቤት ሄድሁ። እሱ ጓሮ በረዶ ይጠርጋል። ዓይኔ መቼም አያርፍ፣ ከሞርሳው አጠገብ ጨርቅ የለበሰ ነገር አየሁና ገለጥሁት። ሦስት ጥርስ ያላቸው ዘንጎች ናቸው! የኢሶጂን ቀለበት ለሙከራ የምበይድለት እኔ ነኝ፤ ከእኔና ከእሱ በቀር ያየው ሰው የለም። አንዱን ዘንግ አንሥቼ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትሁና ወጣሁ።

"ጋሼ፣ እስቲ ይሄን እየው" አልሁት ኢሶጂን።

ከቀለበቱ ጋር ገጠመው። ቀጭ አለ። ከፈተው፣ ዘጋው፣ አርገፈገፈው። አልላላም። የገዛ ጥርሶቹ እንዲህ ይዘውለት አያውቁም።

"ከየት አመጣሽው?"

"ከቶራዞ ቤት። በጨርቅ ሸፍኖታል።"

"ቶራ?" አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። "ቶራ እኮ እዚህ ቤት ከገባ ዓመት ሆኖታል።"

"ታዲያ በምን አየው? አንድ ሰው እየነገረው ነዋ! ዝም ብሎ ዓሣ የሚልክ ይመስልሃል?"

ይህን ያልሁት እኔ ነኝ። ዓሣውን እንኳ አልማርሁለትም።

ጋዜጣው የተለጠፈው በማግስቱ ነው። ኢሶጂ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ። የበሩን ቁልፍ ለወጠ። መሳቢያው ላይ ከራሱ ፀጉር እየነቀለ ያጋድማል፤ ጠዋት ፀጉሩ ከቦታው መኖሩን ያያል። የምትወለውለው ሴትዮ ሳል ይዟት ደጁ ላይ ትንሽ ብትቆም፣ "ምን ታዳምጣለች?" ይለኛል። እኔም ደግሞ ነገር አላንስም፤ "እሷማ ድሮም ጆሮዋ ረጅም ነው" እላለሁ። አንድ ቀን ብየዳዬን ሲያይ ቆየና፣ "ኪኑዬ፣ አንቺስ ለማንም አላወራሽም?" አለኝ። ሦስት ቀን አላናገርሁትም። የሚያስቀው፣ ቶራዞ የሚልከውን ዓሣ ግን መብላቱን አልተወም።

በመጨረሻ ወጥመዱን ያሰብሁት እኔ ነኝ።

"የውሸት ሥዕል ሣል" አልሁት። "አራት ጥርስ አድርገው፣ ጥርሶቹንም ወደ ግራ አዙራቸው። ከጣልሃቸው ወረቀቶች ላይ ጣለው። አራት ጥርስ የት እንደሚበቅል እናያለን።"

ሣለና ጣለው። በሦስተኛው ቀን እየሮጠ መጣ።

"ሥዕሉ ሄዷል!"

"ማን ገባ?"

"ማንም አልገባም። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ሺጌኖ ልትጠርግ ከመግባቷ በቀር።"

"እሷማ ሚስትህ ናት።"

"እሷማ ሚስቴ ናት" አለ እሱም።

ሁለት ደደቦች! እዚህ ላይ ቆም ብለን ብናስብ ኖሮ ነገሩ በዚያው ባለቀ ነበር። ከሳምንት በኋላ ቶራዞ ቤት ጎራ አልሁ። ሞርሳው ላይ የታሰረው ዘንግ አራት ጥርስ አለው፣ ጥርሶቹም ወደ ግራ ዞረዋል።

በረዶው ቀልጦ የሩዙ ማሳ ውሃ ከመያዙ በፊት፣ የመንደሩ ሠራተኞች አዳራሽ ተሰብስበን በወራቱ የሠራነውን አዲስ ነገር የምንተያይበት ቀን አለ። ኢሶጂ በዚያ ቀን ሊናገር ቆረጠ። እኛ ዘንድ ሌባ የተባለ ሰው አይሰደብም፣ አይከሰስም፤ ደጁ ላይ የሥራ ሣጥን የሚያስቀምጥለት ብቻ ይጠፋል። ክቡን የሚያጎብጠው ያልፈዋል፣ ወልዋይዋ ታልፈዋለች፣ እኔም አልፈዋለሁ። ቶራዞ ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። ከዘንግ በቀር ምንም የለውም። ኢሶጂ ይህን ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ቢሆንም ያን ዕለት ጠዋት፣ "ጠንከር ብለህ ተናገር፣ እንዳትራራ" ያልሁት እኔ ነኝ።

አዳራሹ ሞላ። ኢሶጂ ተራው ሲደርስ ተነሣ። ገና "ከመካከላችን..." ብሎ ሲጀምር ቶራዞ ከወዲያ ማዶ እጁን አነሣ።

"ይቅርታ ኢሶጂ፣ እኔ ልቅደም። ሆዴን ሲበላኝ ሰነበተ" አለና መጥቶ ፊቱ ተንበረከከ። በጨርቅ የያዘውን ፈታ፤ አራት ጥርሱ ነው። "እንደ ሣልኸው ቆረጥሁት። ግን አይከፈትም፣ ይነክሳል። አንተ ደግሞ እንዲህ ያለ ስሕተት አትሠራም። ዓይንህን አሞሃል እንዴ? ብቻህን እየተቸገርህ ከሆነ ንገረኝ።"

ኢሶጂ አራት ጥርሱን አንሥቶ ገለባበጠው።

"ይሄን ሥዕል ማን ሰጠህ?" አለ ኢሶጂ።

"ማን ሰጠህ ይለኛል እንዴ! አንተ ነሃ!" ቶራዞ ሳቅ አለና ከጉያው በገመድ የታሰሩ ወረቀቶች አወጣ። ሁሉም አራት ቦታ የታጠፉ ናቸው፤ የዓሣና የፉርሽካ ሽታ አላቸው። በእያንዳንዱ ጥግ ላይ የደረሰበትን ቀን ጽፎበታል። "ሦስት ዓመት በሣጥኗ ስትልክልኝ። መጀመሪያ አልገባኝም፤ በኋላ 'ይሄ ሰው በአፉ መጠየቅ ስለማይችልበት ነው' አልሁ። እኔ ሥዕል አልችልም፤ በብረት ልመልስልህ ብዬ ለዛሬ አቆየሁት።" ሦስት ጥርስ ያላቸውን ዘንጎች አንድ በአንድ ምንጣፉ ላይ ደረደራቸው።

ኢሶጂ ወረቀቶቹን አየ። እጥፋቱን ያውቀዋል፤ ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረች ሴት እጥፋት ነው። እኔ ዞሬ እትዬ ሺጌኖን አየኋት። ስትጠርግ ከጠረጴዛው ሥር የምታነሣውን፣ ጀርባው ንጹሕ የሆነ ወረቀት መጣል የማይሆንላት ያቺ ሴት፣ አፏን በእጇ ይዛ ፊቷ ደም መስሏል። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ።

የስብሰባው ሰብሳቢ፣ "ኢሶጂ፣ 'ከመካከላችን' ብለህ ነበር፤ ምን ልትል ነው?" አለው።

ኢሶጂ ዓይኑን ከወረቀቶቹ ላይ አላነሣም። ቶራዞ ፊቱን አየና ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ።

"አልላክኸውም እንዴ?" አለ ዝግ ባለ ድምፅ። "ወረቀት ብቻ ነበር?"

እንዲያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ሰውዬው ለካ የፈራው ሌባ መባልን አልነበረም። ሦስት ዓመት ሙሉ ጓደኛዬ ይጽፍልኛል ብሎ የተቀበለው ሁሉ፣ ሣጥን ባዶ እንዳይመለስ የተጨመረ ብጣሽ ወረቀት ሆኖ እንዳይገኝ ነው የፈራው። ኢሶጂ "አልላክሁም" ቢል ማጠፊያው የእሱ ብቻ ይሆናል፤ በክር የታሰረው የአባቱ መነጽር ዕዳ በእሱ ስም ብቻ ይከፈላል። ለዚያ ነበር ዕድሜውን የሰጠው።

"ልኬያለሁ እንጂ" አለ ኢሶጂ። "ሁሉንም የላክሁት እኔ ነኝ። የመጨረሻውን ተሳስቼ ነው። ዓይኔን አሞኝ ነበር።" ከዚያ ግንባሩ ምንጣፉን እስኪነካ ጎንበስ አለ። "ከመካከላችን ያለ ሰው ረድቶኛል ልል ነበር።"

ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ ሺጌኖ፣ "እኔ ነኝ፣ እኔ እኮ ነኝ..." እያለች ማልቀስ ስትጀምር፣ ኢሶጂ ዞር ሳይል "ዝም በይ፣ የላክሁት እኔ ነኝ ተብሏል" አላት። ቤት ሲደርስ ጋዜጣውን በጥፍሩ ፍቆ አወረደው። ማጠፊያው በሁለቱም ስም ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ ቀይዋን ሣጥን ለሚስቱ አልተዋትም፤ እስኪሞት ድረስ ለቶራዞ የሚሄደውን ወረቀት ራሱ ሥሎ ራሱ ያጥፈው ነበር። አንዳንዴ የማጠፊያ ሥዕል ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ድመቷን ነበር የሚሥለው።

እኔ ግን አልተገላገልሁም። ያን ሁሉ ቀን ሌባ ስናሳድድ፣ በመንደሩ ውስጥ በእውነት የሰው ዕቃ የሰረቀ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ። ኢሶጂ ገጥሞ ካየው በኋላ የመለሰልኝ ዘንግ አሁንም ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር። ቶራዞ በአዳራሹ ሲደረድራቸው መጨረሻ ላይ እጁ ባዶ ቦታ ላይ ቆሞ ሲያመነታ አይቻለሁ።

በሳምንቱ ነጭ ራዲሽ ቀቅዬ በሳሕን አደረግሁና ዘንጉን ከጎኑ አስቀምጬ ወሰድሁለት። በሩ ላይ ተቀበለኝ፤ ዘንጉን አየ፣ እኔን አየ።

"በረዶው ቀለጠ" አለ።

"አዎ ጋሼ፣ ቀለጠ" አልሁ። ሳሕኑን አቀበልሁትና ተመለስሁ።

ሳሕኔ በማግስቱ ታጥቦ መጣ። ውስጡ አራት ቦታ የታጠፈ ነጭ ወረቀት ነበረበት። ፈታሁት። ምንም የለበትም። ገለበጥሁት፤ ጀርባውም ባዶ ነው። ይቅር ብሎኝ ይሁን፣ ወይም ለእኔ የሚለው ነገር ስለሌለው ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እሱም ኢሶጂም አሁን የሉም። ወረቀቱን ግን አልጣልሁትም፤ አንዳንድ ጠዋት አወጣውና መስኮቱ ጋ ቆሜ፣ ያላየሁት ነገር ተጽፎበት እንደሆነ ብዬ ወደ ብርሃኑ አንሥቼ አየዋለሁ።