እንግዳው እስኪሄድ

«ድዌል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሳስተምር አፌን ይጎመዝዘኛል። ጥፋቱ የቃሉ አይደለም፤ የጎረቤቴ ነው።

ጎረቤቴ ፈላና በር አጠገብ፣ ጀጎል ውስጥ ያለውን የእናቱን ቤት ገስት ሃውስ አድርጎታል። እኔ ከክርስቲያን ቤተሰብ ብወለድም እዚያ ግቢ ውስጥ ስሯሯጥ ነው ያደግኩት፤ እናቱንም ከእናቴ ለይቼ አላያቸውም። አንድ ቀን መንገድ ላይ ያዘኝ።

«ቲቸር፣ ለኢንተርኔት የሚሆን ማስታወቂያ ጻፍልኝ። ‹እንደ ሐረሪ ኑሩ› የሚል። ግን ‹ሊቭ› እንዳትል፤ እሱን ማንም ይለዋል። ‹ድዌል› የሚባል አለ አይደል? እሱ ከበድ ይላል።»

እውነትም ከበድ ይላል፤ ባለቤቶቹም ዛሬ በመኖር ትርጉሙ ከመጽሐፍ ውጭ ብዙ አይጠሩትም። የቃል ነገር ስለሚያስጎመጀኝ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። በጥንት ዘመን ለካ መኖር ማለት አልነበረም። መጀመሪያ ማሳሳት፣ ከመንገድ ማስወጣት ነበር። ቀጥሎ ማዘግየት ሆነ። ከዚያ መቆየት፣ መሰንበት። ሰንብቶ ሰንብቶ ነው መኖር የሆነው። ደስ አለኝ። ይህንንማ ለእናቱ ካላጫወትኩ ብዬ በማግስቱ ሄድኩ።

ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ገባሁ። የሐረሪ ቤት ሳሎን ነደባ የሚባሉ፣ በቀይ አፈር የተቀቡ፣ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት፤ ማን የት እንደሚቀመጥ በዕድሜና በክብር የታወቀ ነው። የላይኛው የአባወራው ነበር፤ እሳቸው ከሞቱ ወዲህ የእናትየው ሆነ። ልጁ እንኳ እዚያ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም። አሁን አንድ ፈረንጅ ከነቡትስ ጫማው ተጋድሞበታል። ጭቃው ምንጣፉ ላይ ደርቋል። ከራስጌው፣ የሴትዮዋ የሙሽርነት ስፌት ላይ፣ እርጥብ ካልሲ ተሰጥቷል።

ሴትዮዋ ከታች፣ በሩ ሥር፣ ጫማ ከሚወልቅበት ጎን ኩርምት ብለዋል።

«እማማ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«እንግዳ አለ ልጄ። እንግዳ ሲገባ የላይኛውን መልቀቅ ነው። ሲሄድ እመለሳለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

«ከለቀቁ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ከረመዳን በፊት ነው።»

አረፋ እንኳ ካለፈ ሰንብቷል።

ልጃቸው ከኋላዬ መጥቶ ሳቅ አለ። «እኔ አላስነሳኋትም ቲቸር። ራሷ ናት የተነሳችው። እንግዳ እያለ ወደ ላይ ውጪ ብላትም አትወጣም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እውነቱን ነው። የሚያንገሸግሸኝም ይኸው እውነቱ ነው። ገፍትሮ ቢያወርዳቸው ጀጎል ሙሉ ይነሳበት ነበር። እሱ ግን እናቱን ያወረዳቸው በገዛ ጨዋነታቸው ነው፤ አንዱ ሳይወጣ ሌላውን እየጠራ። እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ብረት ይባላል። እዚያ ቤት እንግዳው ሁሌ አዲስ ስለሆነ ሁሌ ወርቅ ነው። ማስታወቂያህን ራስህ ጻፈው አልኩት። ከፊቱ ቆሜ እሱ የተነፈሰውን አየር መሳብ እንኳ ቀፈፈኝ።

ፈረንጁ ተነሣ፤ ካልሲውን ሰበሰበ፤ ሻንጣውን አንግቦ ተሰናበተና ወጣ። ሴትዮዋ ግድግዳውን ይዘው ብድግ አሉ። ሄደው አንድ እጃቸውን የላይኛው ነደባ ጠርዝ ላይ አሳረፉ። ልደግፋቸው ተጠጋሁ።

«ዌልካም! ዌልካም!» አለ ልጁ ከግቢው በር።

ባልና ሚስት የሚመስሉ ሁለት እንግዶች ገቡ። እናትየው እጃቸውን ከነደባው አነሱ። «መርሐባ፣ መርሐባ፣ ወደ ላይ» እያሉ ቦታቸውን አሳዩና ተመልሰው በሩ ሥር ተቀመጡ። እነዚህኞቹ ሥርዓት ያውቃሉ፤ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

«ምን ልታጫውተኝ ነበር የመጣኸው ልጄ?» አሉኝ።

ምንም አልኳቸው። እሳቸውም ለጫማዎቹ ቦታ እንዲሆን ጠጋ አሉ።