በየካ ሚካኤል የማይነገር ሕመም

ብልቴን ያሳክከኝ ከጀመረ ሳምንት አልፎ ነበር። የአባላዘር በሽታ ነው ብዬ ስለደመደምሁ፣ አርባ ዓመት አብራኝ የኖረችውን ባለቤቴን አልማዝን በልቤ ከሰስኋት፤ አልጋም ለየሁባት። የካ ሚካኤል ሰው ሁሉ ያውቀኛልና ሲ.ኤም.ሲ ወደሚገኝ ክሊኒክ ሄድሁ።

ወጣቷ ሐኪም ውጤቱን አንብባ፣ «አባባ፣ ቁስልም ፈሳሽም የለም፤ ምርመራዎም ንጹሕ ነው። ቆዳዎ ተቆጥቶ ነው። የውስጥ ልብስዎን በምን ያጥባሉ?» አለችኝ።

«በበረኪና። ሠራተኛ ስለማላምን የቤቱን ነጭ ልብስ፣ የባለቤቴንም ጭምር፣ እኔው ራሴ እዘፈዝፋለሁ።»

«በረኪናውን ይተዉት፤ በሳሙና አጥበው በደንብ ያለቅልቁት።»

እፎይ ብዬ ስወጣ፣ ከተራ ጠባቂዎቹ መካከል ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የተከናነበች ሴት ብድግ አለች። አልማዝ ነበረች።

«አንተ የማታፍር ሽማግሌ!» አለችኝ፤ «ከማን ያመጣኸውን ነው ያጋባህብኝ?»